የማይዘል ጭፈራ እንዴት ፎቶ ይነሳል? ለአንዲት የፎቶግራፍ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የፎቶግራፍ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለሴሚስተሩ ማጠቃለያ አሥር ፎቶ ያለው የዳንስ ፖርትሬት ፕሮጀክት እንድሠራ ታዝዣለሁ። «የባህል ውዝዋዜያችን ውበት» ብዬ ያስገባሁት ሐሳብ «በጣም ጠቅላላ ነው» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሌላ ሳስብ የሚመጣልኝ ሁሉ ኢንስታግራም ላይ ያየሁት ነው፦ አደባባይ መሐል የምትዘል ልጅ፣ ዱቄት እየበተነ የሚጨፍር ወጣት፣ ጀንበር ስትጠልቅ ጥላ ብቻ። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እና አንድ ትንሽ ፍላሽ ነው። ሞዴል አላጣም፤ የአጎቴ ልጅ የባህል ምግብ ቤት ተወዛዋዥ ናት። የራሴ የሆነ ሐሳብ ከየት ላምጣ? ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ምላሽ፦

መምህርሽ የመለሰልሽ በክፋት አይመስለኝም። «የባህል ውዝዋዜያችን ውበት» ለሆቴል ካላንደርም፣ ለቱሪዝም ቢሮ በራሪ ወረቀትም፣ ለሠርግ አልበም ሽፋንም እኩል ይሆናል። ነገ ጠዋት ካሜራሽን አንግበሽ ስትወጪ ወዴት እንደምትዞሪ ግን አይነግርሽም። ለፕሮጀክት የሚሆን ሐሳብ ቢያንስ ይህን ሊነግርሽ ይገባል፦ ማንን፣ የት፣ ከምን ያህል ርቀት፣ በየትኛው ሰዓት ታነሻለሽ፤ ምኑንስ ሆን ብለሽ ትተዪዋለሽ?

ከዝላዩ ልጀምር፤ ሁሉም ሰው ለምን ዝላይ እንደሚያነሳ ማወቁ ይጠቅምሻል። ባሌትና የምዕራቡ ዘመናዊ ዳንስ ሰውነት አየር ላይ ለሚሠራው ቅርጽ ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ፤ ካሜራ ደግሞ ዓይን የማይይዘውን ቅጽበት ቆርጦ ማስቀረት ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ ዝላይ ተወለደ። ፎቶ አንሺዋ ሎይስ ግሪንፊልድ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ዳንሰኞችን ስቱዲዮ እያስገባች፣ የተቀናበረ ዳንስ አሳዩኝ ሳትል፣ ለካሜራው ብቻ የሚፈጠር እንቅስቃሴ ትጠይቃቸው ነበር። ሌላው ፎቶ አንሺ ፊሊፕ ሃልስማን ደግሞ በ1950ዎቹ ዳንሰኛ ያልሆኑ ታዋቂ ሰዎችን አዘለለ፤ ሰው ሲዘል ልቡ ዝላዩ ላይ ስለሚሆን ፊቱን መቆጣጠር ይረሳል ብሎ ነው። ሁለቱም ከዝላዩ በፊት ጥያቄ ነበራቸው። ኢንስታግራም ላይ የምታዪው ዝላይ ግን ጥያቄው ጠፍቶ መልሱ ብቻ የሚገለበጥበት ነው። «የሚመጣልኝ ሁሉ ኢንስታግራም ላይ ያየሁት ነው» ያልሽው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛው እንመለስ። እስክስታ ዋና ሥራው ከወገብ በላይ ነው፤ ትከሻ፣ ደረት፣ አንገት። ወንዶቹ አልፎ አልፎ ቢዘሉም ጭፈራው ያለው ዝላዩ ላይ አይደለም። የካሜራሽን የሻተር ፍጥነት (ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጊና የታወቀች የእስክስታ ተወዛዋዥ አንሺ። ምን ታገኛለሽ? አንድ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ የቆመች ሴት። «እኔ ምን አውቄ!» የምትል ነው የምትመስለው። አዳራሹን ያስጨበጨበው ነገር በሙሉ ፎቶው ላይ የለም።

ሐሳብሽን እዚህ ጋ ፈልጊው፤ ካሜራሽ ይህን ጭፈራ ባቃተው ቦታ። ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ «ማንም ያልሠራው ምን አለ?» ብለሽ ብትጠይቂ መልስ አይመጣም፤ ማንም ያልሠራውን ማወቅ ደግሞ አይቻልም። «ይህ ጭፈራ ፎቶ አልሆን ያለኝ ለምንድን ነው?» ካልሽ ግን የምትሠሪው ሥራ አገኘሽ።

ሌላ ቦታም እንዲሁ ነው። የማሊው ፎቶ አንሺ ማሊክ ሲዲቤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባማኮ ውስጥ፣ በገና ሌሊት ያነሳውን ፎቶ ፈልገሽ እዪው። ሱፍ የለበሰ ወጣትና ባዶ እግሯን የሆነች ልጅ አብረው ይጨፍራሉ። ማንም አየር ላይ የለም፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው እግራቸውን ይከተላሉ፣ ግንባራቸው ሊነካካ ደርሷል። ጭፈራው በሁለቱ ራስ መካከል በቀረችው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ሲዲቤ ለዚያ ጭፈራ የሚስማማውን ቦታ አገኘ፤ አንቺም ለእስክስታው የሚስማማውን ማግኘት አለብሽ።

እኔ የምሞክረው ነገር ይህ ነው። ትከሻዋ በሰከንድ አራት ጊዜ ሄዶ ይመለሳል እንበል። በ1/4 ሰከንድ ካሜራው አንድ ሙሉ ምልልስ ያያል፤ በ1/15 የምልልሱን ሩብ ያህል ብቻ። በ1/60 ደግሞ ፎከስ የሳትሽ ብቻ ነው የሚመስለው፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፣ ስህተት እንጂ ምርጫ አይመስልም። በ1/4 የሚገርም ነገር ታያለሽ። የሚመላለስ ነገር ሁሉ ሊመለስ ሲል ጫፉ ላይ ለአፍታ ይዘገያል፣ መሐሉን ግን በፍጥነት ያልፈዋል። ስለዚህ ትከሻው ፎቶው ላይ ሁለት ጠርዝ ሠርቶ ይወጣል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ መሐሉ የሳሳ። ጎበዝ ተወዛዋዥ ደግሞ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ ዓይኗን አንድ ነገር ላይ ተክላ ፊቷን ማርጋት ትችላለች። ይህን ጠይቂያት። ፊቷ ጥርት ብሎ ትከሻዋ ሲሟሟ ፖርትሬቱም ጭፈራውም አንድ ፎቶ ውስጥ ገቡልሽ።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገርሽ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን፤ አንቺም ከተንቀጠቀጥሽ ማን እንደጨፈረ አይታወቅም። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ክፍል ምረጪ፣ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8 አካባቢ፣ ሁሉም በማኑዋል። የክፍሉ ብርሃን ብቻውን ፊቷን በአንድ ስቶፕ ያህል (ከሚያስፈልገው ብርሃን በግማሽ) አጨልሞ እንዲያሳያት አድርጊና የጎደለውን በፍላሹ ሙዪ። ፍላሹን ከካሜራው ላይ አውርደሽ በጎን አቁሚው፤ ፍላሹን ከርቀት የሚያበራ ትሪገር ከሌለሽ ከክፍል ጓደኛ ተዋሺ። ዋናው ነገር ፍላሹ ፊቷን ብቻ መምታቱ ነው፤ ትከሻዋን ከነካው ሦስተኛ፣ የደረቀ ትከሻ ይጨምርብሽና ሁሉንም ያበላሸዋል። ጥቁር ካርቶን ጠቅልለሽ እንደ ቱቦ አፉ ላይ አስሪለት፣ ይበቃል። የፍላሹን የሁለተኛ መጋረጃ ማስተካከያ፣ ማለትም ፍላሹ ሻተሩ ሊዘጋ ሲል እንዲበራ የሚያደርገውን፣ የሚያሞግሱ ቪዲዮዎችን ታዪ ይሆናል። ለሚሮጥ ሰው ይጠቅማል፤ ወደፊትና ወደኋላ ለሚመላለስ ትከሻ ግን ለውጡን አታዪውም፣ ጊዜሽን አታባክኚበት።

ከኋላዋ ጥቁር ጨርቅ ስቀዪ። ነጭ ቀሚስና ነጠላ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲደበዝዝ ይጠፋል፤ ጥቁር ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር ይነበባል። ነጩ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ራሱ እንዲወስን ከተውሽው የልጅቷን ፊት ያጠቁረዋል፤ ማኑዋል ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው። ብርሃኑን በፊቷ ለኪ፣ ከዚያ የጥበቡ ጌጥ በብርሃን ብዛት ነጥቶ እንዳይጠፋ ስክሪኑ ላይ አረጋግጪ።

ይህ ግን ገና ብልሃት ነው። አሥሩንም ፎቶ በዚህ ብትሠሪው አራተኛው ላይ ተመልካቹ ይሰለቻል፣ መምህርሽም «ጥሩ ቴክኒክ» ብሎ አማካይ ማርክ ይሰጥሻል። ብልሃቱን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል።

ሰውየዋን ደግሞ ጥያቄሽ ውስጥ በግማሽ መስመር ጠቅሰሽ አለፍሻት። «ሞዴል አላጣም፤ የአጎቴ ልጅ የባህል ምግብ ቤት ተወዛዋዥ ናት።» እኔ ብሆን እዚያ ላይ እቆማለሁ። የባህል ምግብ ቤት ምሽት እንዴት እንደሚሄድ ታውቂዋለሽ። አንዷ ተወዛዋዥ የጎጃም ትሆንና ትወጣለች፤ ልብስ ቀይራ የጎንደር፣ ከዚያ የትግራይ፣ የኦሮሞ፣ የጉራጌ፣ የወላይታ። በየመካከሉ ያላት ጊዜ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ነው። የምትቀይረው ልብስ ብቻም አይደለም፤ ጭፈራውን የሚመራው የሰውነት ክፍል አብሮ ይቀየራል። እስክስታው ላይ ትከሻ፣ ወላይታው ላይ ወገብ፣ ጉራጌው ላይ ያ የማይያዝ የእግር ፍጥነት። እንግዳው ክትፎውን እየጎረሰ አገሩን በሙሉ አየሁ ብሎ ይሄዳል። ከመጋረጃው ኋላ ላለው ሰው ግን የምትታየው አንዲት፣ የደከማት ልጅ ናት።

አሁን ጥያቄ አገኘሽ፦ በአንድ ምሽት ይህን ሁሉ ሕዝብ የምትሆነው ይህች ሴት ራሷ ማን ናት? ይህ በዚህ ዘመን አገራችን ውስጥ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ማን የማንን ልብስ ለብሶ ይጨፍራል የሚለው ሰው የሚጣላበት ሆኗል። መልስ አትስጪ፣ መፈክርም አትጻፊበት። ፎቶ አንሺው ብቻ።

አነሳሱ ላይ ጥብቅ ሕግ አውጪ። ከልብስ መቀየሪያው ወደ መድረክ የሚወስደው ኮሪደር ላይ፣ ወይም ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ግድግዳ ምረጪና ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጊ። ሁልጊዜ እዚያው ትቁም፤ ያው ርቀት፣ ያው ብርሃን፣ ሌንሱን ፊት ለፊት እያየች። ከመድረክ ስትወርድ እንጂ ስትወጣ አታንሺያት። ስትወጣ ለእንግዳው የምታሳየውን ፊት ለብሳለች፤ ስትወርድ ግን ትንፋሿ ገና አልተመለሰም፣ ፈገግታውም ግማሹ ወርዷል። የኔዘርላንድስ ፎቶ አንሺዋ ሪኔከ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1994 ፖርቱጋል ውስጥ የበሬ ተፋላሚዎችን ከሜዳው እንደወጡ ወዲያው፣ ደሙ ልብሳቸው ላይ እንዳለ፣ በባዶ ግድግዳ ፊት አቁማ ያነሳቻቸው በዚሁ መንገድ ነው። ከነዚያ ፎቶዎች የምትወስጂው ሰዓቱን ነው፤ ግድግዳውንና አቋቋሙን ከገለበጥሽው የእሷ ይሆናል። አንቺ ዘንድ ያለው፣ እሷ ዘንድ ያልነበረው፣ ያቺው አንዲት ሴት ደጋግማ መመለሷ ነው።

ሕጉ ጥብቅ ሲሆን ትንንሹ ነገር መናገር ይጀምራል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የደረቀው ግንባር አምስተኛው ላይ ያብለጨልጫል። ኩሉ ይወርዳል። ልብሱ ሲቀየር የማይቀየረውን ተከታተዪ፦ የጥፍር ቀለሟን፣ ጣቷ ላይ ያለውን ፕላስተር፣ መቀነቷ ውስጥ የሰካችውን ስልክ። ማተብ ካላት ለየትኛው ልብስ ታወጣዋለች፣ ለየትኛውስ ከአንገትጌዋ በታች ትሸጉጠዋለች? ይህን ቀርቦ የሚያይ እንግዳ የለም። አሥሩን ፎቶ ጎን ለጎን ስትሰቅያቸው ተመልካቹ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ አንቺ በመግለጫ ጽሑፍ አትጠቁሚው።

ያ የ1/4 ሰከንድ ብልሃት የሚገባው እዚህ መካከል ነው። ስድስት ወይም ሰባት ፎቶ ግድግዳው ፊት፣ ቀጥ ብላ ቆማ፤ ሦስት ወይም አራት ደግሞ እዚያው ምልክት ላይ ቆማ ጭፈራውን ስታሳይሽ። እዚህም አንድ መመዘኛ ለሁሉም አይሠራም። ለእስክስታው እስከ ወገብ የሚይዝ ፍሬም ይበቃል፤ ለጉራጌው እግሯ ካልታየ ምንም የለም፣ ስለዚህ ራቅ ብለሽ ሙሉ ቁመቷን ያዢ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ወደኋላ የምትሸሺበት ላይኖርሽ ይችላል፤ ቦታውን ስትመርጪ በቅድሚያ የምትለኪው ይህንን ይሁን። የትግራዩ በከበሮ ዙሪያ የሚደረግ የክብ ጭፈራ ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው ሲያሳየው ጎደሎ ነው። ጎደሎነቱን ልትደብቂው አትሞክሪ፣ ብቻዋን ትዙር።

ከስድስቱ ሳምንት የመጀመሪያውን ያለ ካሜራ አሳልፊው። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ባርባራ ሞርጋን የዘመናዊ ዳንሰኛዋን የማርታ ግራሃምን ዳንሶች ስታነሳ ትርኢት መሐል ቆማ አልነበረም፤ ዳንሱን ደጋግማ ካየች በኋላ የቱ እንቅስቃሴ እንደሚበቃት መርጣ፣ ያንን ብቻ ከመድረክ ውጭ እንዲሠሩላት ታደርግ ነበር። አንቺም አንድ ሁለት ምሽት ኋላ ተቀምጠሽ እዪ፣ ከዚያ የአጎትሽን ልጅ ቤቷ ሄደሽ ቡና እየጠጣችሁ አናግሪያት። «ዳንስ ላንቺ ምንድን ነው?» እንዳትያት፤ ለቴሌቪዥን የሚሰጠውን መልስ ነው የምትሰጥሽ። ይልቅ፦ ስትደክሚ መጀመሪያ የሚከዳሽ የቱ ነው፣ ጉልበትሽ ወይስ ወገብሽ? የማትወጂው ልብስ የቱ ነው? የወላይታውን ማን አስተማረሽ? አባትሽ መጥቶ አይቶሽ ያውቃል? ከእነዚህ በአንዱ መልስ ፕሮጀክቱ እኔ ካልኩሽ ወዲያ ሊዞር ይችላል። ከዞረ ተከተዪው፤ እኔ የማውቀው ያንን ግማሽ መስመር ብቻ ነው።

ፈቃድ ነገር። ለእሷ ዘመድ ነሽ፣ ለሌሎቹ ግን ካሜራ የያዘች እንግዳ ነሽ። ሥራ አስኪያጁን በቅድሚያ አነጋግሪ፣ ከዚያ ተወዛዋዦቹን አንድ በአንድ፤ ፎቶው የት እንደሚታይ ተናገሪ፣ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ኤግዚቢሽንም አለ፣ ኢንስታግራም ላይስ ይወጣል? ቤተሰቡ የት እንደሚሠራ የማያውቅ ልጅ ሊኖር ይችላል። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ካሜራሽ አይገባም፤ ኮሪደር ያልኩሽ ለብርሃኑ ብቻ ብዬ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ካለ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አትንኪው። ሌላም አለ፦ ተወዛዋዦች እንግዳ ግንባራቸው ላይ የሚለጥፈው ብር የገቢያቸው አንድ ክፍል ነው። የአጎትሽን ልጅ ኮሪደር ላይ ባቆየሻት ቁጥር ከዚያ እየቀነስሽባት ነው፤ በአንድ መውረድ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትያዣት፣ ብርሃኑን በሌላ ሰው ቀድመሽ አስተካክለሽ ጠብቂ። ሲያልቅ አሳትመሽ ስጫት።

ሐሳቡን ለመምህርሽ ከማስገባትሽ በፊት ሁለት ነገር ፈትሺ። ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ «ተወዛዋዥ» የሚለውን አውጥተሽ «ኳስ ተጫዋች» ብታስገቢ ያው ትርጉም ከሰጠ የዳንስ ፕሮጀክት አይደለም። ፎቶውን ቪዲዮ ብታደርጊው የሚሻል ከሆነ ደግሞ ለምን ፎቶ እንደመረጥሽ ገና አልገባሽም። የምጽፈው እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «አንዲት የባህል ምግብ ቤት ተወዛዋዥ በአንድ ምሽት የምትለብሳቸውን የብሔረሰብ ልብሶች ሁሉ፣ ከመድረክ በወረደች ቁጥር፣ በአንድ ግድግዳ ፊት፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን አነሳለሁ፤ ልብሱ ሲቀየር የማይቀየረውን እፈልጋለሁ።» «ውበት»፣ «ባህል»፣ «ማንነት» የሚሉት ቃላት እንዳልገቡበት አስተውዪ። መምህርሽ ይጠቀምባቸው፣ አንቺ ምን ቸገረሽ።

በአንድ ምሽት ያልቃል ብለሽ አታስቢ። የመጀመሪያው ምሽት ለብርሃኑና ለቦታው ነው፣ ፎቶ አታገኚበትም። ሆኖም የመጨረሻዎቹ አሥር ከአንድ ምሽት የወጡ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ላቡና ድካሙ በተርታ የሚጨምረው ያኔ ነው። ከሁለት ምሽት ካቀላቀልሽ ስምንተኛው ፎቶ ላይ ፊቷ ተመልሶ ይደርቃል፣ ተመልካች ባይገባው እንኳ አንድ ነገር እንደተበላሸ ይሰማዋል። ምርጫውን በኮምፒውተር ስክሪን አትጨርሺው፤ 10 በ15 ሴንቲሜትር አሳትመሽ ወለል ላይ ዘርጊያቸው፣ ለአንድ ቀን ተያቸውና ተመለሺ። በጣም ያማረው ፎቶ ከሕጉ ውጪ የተነሳ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ይውጣ።

አንድ ነገር መምህርሽን ዛሬውኑ ጠይቂው፦ «አሥር ፎቶ» ያለው አሥር ሰው ማለቱ ነው ወይስ አይደለም? አሥር የተለያዩ ሰዎች ከሆነ የኮሪደሩ ሐሳብ አይሄድም፤ ያኔ ወደ ትከሻው ተመለሺ። ጥቁሩን ጨርቅ ሰፈርሽ ውስጥ አንድ ቦታ ስቀዪና ሠርግ ላይ ብቻ የሚጨፍሩ እናት፣ የአጎትሽን ልጅ፣ ዩቲዩብ እያየ የተማረ የጎረቤት ልጅ፣ «እኔ አልችልም» ብሎ የሚሸሸውን ጥበቃ፣ ሁሉንም በ1/4 ሰከንድ፣ ፊታቸውን አርግተው፣ ያንኑ አንድ ዘፈን እየሰሙ አንሺ። የተማረው ትከሻ ከላይና ከታች ሁለት ንጹሕ ጠርዝ ይሠራል፤ ያልተማረው ተደበላልቆ ይወጣል፣ ፊቱም ሳቅ ስለሚያመልጠው አይረጋም። ለእሱ 1/8 ሞክሪለት።